የማሽኑ ላብ

ያደግሁት ከአዳማ ብዙም በማይርቀው በወንጂ ስለሆነ ጥርሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡናማ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚበዛው ፍሎራይድ ጥርስን ምን እንደሚያደርግ የአካባቢያችን ሰው ሳይማር ያውቀዋል። ዛሬ በአዳማ የቧንቧው ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ቢሆንም፣ ቧንቧው ሲጠፋ በጄሪካን የምንገዛው ከየት እንደተቀዳ ስለማይታወቅ፣ ለልጆቼ ጥርስ ስል ዲስቲለር የሚሉትን የውሃ ማጣሪያ ማሽን ገዛሁ። ፍሎራይድ ውሃን በማፍላት አይጠፋም፤ ውሃው ሲተን እሱ ከታች ይቀራል። ማሽኑ 4 ሊትር ውሃ ለ5 ሰዓት ያህል አፍልቶ፣ እንፋሎቱን በማራገቢያ አቀዝቅዞ፣ በጎኑ ወደተቀመጠው ማሰሮ ጠብ ጠብ ያደርገዋል፤ የሚጠጣውም ይኸው ጠብታ ነው።

ባለቤቴና ልጆቹ ለዕረፍት ሄደው ስለነበር፣ ሊጠይቁኝ ከአርሲ የመጡትን አክስቴን «ጠዋት ጠዋት ውሃ ሞልተው ያብሩልኝ» ብያቸው ወደ ሥራዬ ሄድሁ። ማታ ስመለስ በጆግ የተቀዳ ውሃ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀኛል። ጎረቤት ጠርቼ አስቀመስሁ፤ ንጽህናው ጉሮሮ ላይ ሲወርድ እንደሚታወቅም ሰበክሁ። ጨው ጨው ማለቱን እንኳ፣ አያድርገውና፣ «ማዕድኑ ስለወጣለት ነው» ብዬ አስረዳሁ።

ቅዳሜ ቤት ስውል ግን አክስቴ ማሽኑን አጥፍተው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ከታች የቀረውን ውሃ በጭልፋ እየጨለፉ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የረገፈውን ነጭ ፍርፋሪ በጨርቅ እያጠለሉ ወደ ጆጉ ሲገለብጡ ደረስሁ።

«ይሄ ዕቃህ ውሃ ይጨርሳል፤ እየደረስሁ ባላጠፋው ኖሮ ይቺም አትተርፍህም ነበር» አሉኝ።

«በጎን የሚንጠባጠበውስ?»

«ላቡን ነው? የአክንባሎ ላብ እንጀራውን እንዳያበላሽ ይጠረጋል እንጂ ይጠጣል እንዴ ልጄ?»

4 ሊትሩ 1 ሊትር እስኪቀር ከፈላ፣ የሸሸሁት ፍሎራይድ ሁሉ በአራት እጥፍ ጠንክሮ ሳምንቱን ሙሉ በእኔ ሆድ አድሯል ማለት ነው። ሦስቱ ሊትር የት እየተደፋ እንደነበር ልጠይቅ አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። የጎረቤቱ የባጃጅ ሹፌር ሁለት ባዶ ጠርሙስ ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ በትሕትና። «የባትሪ ውሃ መግዛት ካቆምን ሳምንታችን ነው። ተራችን ላይ ባትሪው ያልጠጣ ባጃጅ የለም። የዛሬው አልደረሰም እንዴ?»

አክስቴ ከእኔ ቀድመው መለሱለት፤

«ትንሽ ታገሥ ልጄ፤ አሁን ሞልቼ አበራዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ይልባል።»