ዘንድሮ አሰላለፉን የምጽፈው እኔ ነኝ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ሌሊቱን ቆማችሁ ያነጋችሁ፣ ዕረፉ። ቤታችሁ በእንግዳ የተሞላ፣ ደስ ይበላችሁ። በሰው አገር ቀኑ የሥራ ቀን ሆኖባችሁ ይህን በምሳ ሰዓት የምታነቡ ደግሞ፣ ድርሻችሁ ተቀምጧል።

ጎንደር አብረን የተማርን ልጆች በየዓመቱ በገና ዋዜማ ማታ አንድ መልእክት እንጠብቅ ነበር። በረኛችን የሚልከው የቡድን አሰላለፍ ነው። ተመርቀን ከተበታተንን ጀምሮ አንድ ዓመት እንኳ አላስታጎለም። «ግብ ጠባቂ፣ እኔው። በቀኝ መስመር፣ ከመተማ። በግራ፣ ከሐዋሳ። አጥቂ፣ ከሜሪላንድ» እያለ አሥራ አንዳችንንም ባለንበት ያሰልፈናል። አምና እኔን ተጠባባቂ አደረገኝ። ከስሜ ጎን «እናቱ ጋ ከደወለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል» ብሎ ጽፏል። ከየት እንደሰማ ስጠይቅ፣ ለካ እናቴ ጋ በየእሑዱ ይደውል ነበር።

ዘንድሮ በዋዜማው ማንም ምንም አልላከም። በሰኔ አረፈ። ከታመመ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሩ አልደረስኩም፤ ቤተሰቡን ያገኘሁት በአርባው ነው። ጓደኛን ሳይሸኙ መቅረት ምን እንደሆነ በዚህ ዓመት ስንቶቻችሁ እንደምታውቁት አውቃለሁ። እግዚአብሔር መንገዱን ይክፈትልን። ልጅ ከትምህርት ቤቱ ወደ እናቱ፣ ሐዘንተኛም ወደ ለቅሶው በሰላም የሚሄድበት ዓመት ያድርግልን። ከዚህ በዓል ብዙ አልለምንም፤ ይህን ግን አጥብቄ እለምናለሁ።

በረኛችን የአካባቢ ጤና ተማሪ ነበር፣ እኔ ጤና መኮንን። ገና የሚውለው ፈተና ደጃፍ ላይ ስለሆነ፣ አገሩ የራቀበት ተማሪ ሁሉ ግቢ ውስጥ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ሜዳው የእኛ ነው። መስመሩን የምናሰምረው ከተማሪዎች ምግብ ቤት ማድ ቤት በተለመነ አመድ ነው፤ ሽልማቱም አንድ ሳጥን ለስላሳ። ማድ ቤት የነበራችሁ እናቶቻችን፣ አመዱን ብቻ ሳይሆን ለበረኛችን የዳቦ ጫፍ በወረቀት ጠቅልላችሁ ትልኩ የነበራችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ። በረኛችን ጓንት መግዛት ስለማይችል ሲሚንቶ የሚያቦካበትን ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጎ ይቆማል። መዳፉ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ስላለ ኳሱን በያዘ ቁጥር ኮሽ ይላል፤ ከተከላካይ መስመር ሆነን ዞር ሳንል ኳሱ እንደተያዘ በድምፁ እናውቅ ነበር። አንድ ዓመት ከእኛ ጋር የገቡ መምህራችን ተጠልፈው አመዱ ላይ ወደቁ። ሁላችንም ደነገጥን። እሱ ከግቡ ሮጦ መጥቶ አነሣቸውና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲላቸው ነጭ በነጭ እንደሆኑ ሳቁ። መምህራችን፣ እርስዎም ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ። ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።

ያ የሲሚንቶ ጓንት የመጣው ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ካለው ከደምቢያ ሜዳ ነው። እሱ ራሱ የደምቢያ ልጅ ነበር፤ አያቱ ከትልቁ የወባ ወረርሽኝ የተረፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 ያ ሜዳ ሺዎችን ቀብሮ ነበር፤ በዓመቱ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ ያደገ ነው። ያኔ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው ሳኒቴሪያን በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። እኛም በተራችን ወጣን፤ ይህን የቡድን ሥልጠና ተማሪው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቲቲፒ ይለዋል። እሱ ለአዲስ ገቢዎች ሁሉ ይህን ሲነግር ድምፁ ይለወጥ ነበር። «ይህ ትምህርት ቤት የተሠራው በእኛ ሬሳ ነው፤ ስለዚህ ደምቢያ ስትገቡ ጫማችሁን አራግፋችሁ ግቡ» ይላቸዋል።

እኛ ደምቢያ የወጣነው በታኅሣሥ ነው። ጥቁሩ አፈር ገና እርጥበቱን ይዞ፣ ሽምብራው እሸት ሆኖ። ከቤት ቤት እየዞርን መጠይቅ እንሞላለን፤ እሱ ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት ምንጭ ለማጎልበት ከገበሬዎቹ ጋር ድንጋይ ይሸከማል። አንዲት እናት ቤት ገባን። ጾም ስለነበር እሸት ሽምብራ ከነግንዱ አቀረቡልን። ውኃ ከየት እንደሚቀዱ፣ ስንት ልጅ እንደወለዱ፣ ስንቱ እንደሞተ ጠየቅናቸው። ሁሉንም መለሱ። ወረቀቱን አጥፈን ስንነሣ እሳቸው ጠየቁን፤ «ይህን ሁሉ የጻፋችሁትን ማን ያነብልኛል?»

እኔ ዝም አልኩ። እሱ «እኔ» አለ።

በስድስተኛው ወር፣ ውጤቱን እንዳጠናቀርን፣ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፈ። በራሱ ገንዘብ ተሳፍሮ ሄደና ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ቆሞ አነበበላቸው። ከዚያም በኋላ፣ ተቀጥሮ በሠራበት ቦታ ሁሉ፣ ከሰዎች የሰበሰበውን ለሰዎቹ ሳያነብ አያድርም ነበር። ስለዚህ ነገር ሲያወራ አልሰማሁትም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ተምሬአለሁ፤ ተመራምሬአለሁ፤ ሦስት ቀበሌ ዞሬ የእናቶችን ቃል ሰብስቤ በእንግሊዝኛ አሳትሜአለሁ። ለደረጃ ዕድገት ጠቅሞኛል። ከሦስቱ ቀበሌዎች ወደ አንዱም አልተመለስኩም።

በአርባው ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? እኒያ እናት። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ያዙና በጣታቸው መዳፌን ዳሰሱት። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ «አንተስ ልጄ፣ የጻፍከውን አነበብህላቸው?» አሉኝ።

መምህራንና ተመራማሪዎች ወዳጆቼ፣ በዛሬው ቀን ቅር እንዳትሰኙብኝ። መማር ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ብለን ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ እንጠራለን። በመሳቢያችን ውስጥ ያለው ቃል ግን የማን ነው? በዚህ ዓመት አንድ ገጽ፣ አንድ ገጽ ብቻ፣ በሰዎቹ ቋንቋ ጽፋችሁ መልሱላቸው። ይህ የበዓል ምኞቴ ነው፤ መጀመሪያ የምመኘውም ለራሴ ነው።

ዶርም የቀራችሁ ተማሪዎች፣ ዛሬ ከሰዓት ኳስ ተጫወቱ። ለእናቶቻችሁም ደውሉ።

እንግዲህ የዘንድሮው አሰላለፍ ይኸው። በቀኝ መስመር፣ መተማ ላይ ከሰሊጥ ማሳ የሚመጡ የቀን ሠራተኞችን በአሸዋ ዝንብ ለሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ስትመረምር የከረመችው እህታችን፤ በዓሉንም ተረኛ ናት፣ አበርቺ። በግራ፣ ሐዋሳ፤ የልጅህን ክርስትና እንኳን አየህ። ተከላካይ፣ ቀብሩ ላይ ስለ ሁላችንም የቆምከው አንተ፤ አፈሩን በእጅህ ስላለበስከው ውለታህን አልረሳም። አጥቂ፣ ሜሪላንድ፤ ለበረኛችን ልጆች የትምህርት ቤት ወጪ በየወሩ የምትልከውን አንተ ባትናገርም እናታቸው ነግራኛለች። ግብ ጠባቂ፣ ደምቢያ ያሉት እናታችን፤ በእሳቸው በኩል የሚያልፍ የለም።

እኔ ተጠባባቂ ነኝ። ከጥምቀት በኋላ ሦስቱን ቀበሌ አንብቤ እስክመለስ።