የእማዬ ቅቤ ወረቀት የለውም

እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ እማዬ ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣና ማር ላከችልኝ። እኔ እዚህ ጀርመን ኤርፖርት ምራቄን እየዋጥኩ ስጠብቅ እህቴ ፊቷን አኮማትራ ወጣች። ቅቤው የለም። ቋንጣውም የለም፤ ጉምሩክ ወስዷቸዋል። የተረፈው ማሩ ብቻ ነው።

ለእማዬ ደወልኩ። "ምን ችግር አለው፣ ሌላ ጊዜ የጤና ማረጋገጫ ወረቀት አስጽፌ እልካለሁ" አለች። ሰፈራችን ውስጥ ላሞች የሚያክም ሐኪም አለ፣ ማህተምም አለው። ሳቅኩ። ግን እውነቱን ልናገርና እኔም ድሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ሐኪም ያያል፣ ይፈርማል፣ አለቀ።

ሞጆ ቄራ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። እሱ እንደሚለው ፍየሏ ከመታረዷ በፊት በቁሟ ትታያለች፣ ከታረደች በኋላ ደግሞ ሳንባዋ፣ ጉበቷ፣ እጢዎቿ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ፤ ከዚያ ሥጋው ቀዝቅዞ ወደ ዱባይ ወይም ሳዑዲ ከመጫኑ በፊት ስንት በድን እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ፣ የት ቄራ፣ መቼ እንደታረደ ተጽፎ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ይፈርምበታል። ወረቀቱ ላይ ምን መረጋገጥ እንዳለበት የሚወስነው ደግሞ ገዢው አገር ነው። አውሮፓማ የፊርማው ቀለም ከኅትመቱ ቀለም የተለየ ይሁን ብሎ ሕግ ያወጣ ነው!

ዋናው ነገር ግን ሐኪሙ የሚፈርመው ስለ ፍየሏ ብቻ አለመሆኑ ነው። ስለመጣችበት አካባቢ፣ አንዳንዴም ስለ አገሩ በሙሉ ነው። እኛ ጋ አፍተግር የሚባል የከብቶችን አፍና እግር የሚያቆስል ተላላፊ በሽታ አለ፣ ቫይረሱም ሥጋና ወተት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የእማዬ ቅቤ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ኮሰረቱም በሶብላውም ቢያውድ፣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር ይዞ አውሮፓ አይገባም። ማር ሌላ ነው፤ መንገደኛ ለራሱ እስከ 2 ኪሎ ይፈቀድለታል። ለንግድ የሚመጣው ማር ግን ሰርተፍኬት ይጠየቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 አውሮፓ ማር ከሚቀበላቸው አገሮች ዝርዝር የገባችውም ማሩ ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት እንዳይኖር የምትቆጣጠርበት ዕቅድ ተቀባይነት ስላገኘ ነው።

ጉዱ ግን ጀርመኖችንም አልማረም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ብራንደንበርግ ውስጥ የውሃ ጎሾች አፍተግር ያዛቸው፣ በዚህ አገር ከ1988 ወዲህ ታይቶ የማያውቅ ነገር። ወዲያው የጀርመን ሐኪሞች "አገራችን ከአፍተግር ነጻ ናት" የሚል ወረቀት መፈረም አልቻሉም፤ እንግሊዝና ደቡብ ኮሪያም በር ዘጉ። አንዲት ጤነኛ የባቫሪያ ላም ምን አጠፋች? ምንም።

ይህን ለእማዬ ስነግራት ደስ አላት መሰለኝ።

"አሃ፣ የነሱም ታሞ ነበር በለኛ!"

ትንሽ ዝም አለችና "ማሩ ለአንድ ሰው 2 ኪሎ ነው ያልከኝ? እስቲ ለፋሲካ እነማን እንደሚመጡ ልጠያይቅ" አለች።