መርከቡ ሳይሄድብን፦ የጃፓን መቅደሶችን ከአገሬው አስጎብኚ ጋር እንዴት እንዳየን

ጃፓንን በክሩዝ መርከብ የሚጎበኝ ሰው ትግሉ ከሰዓት ጋር ነው። መርከቡ ጠዋት ወደብ ይደርሳል፣ ማታ ይሄዳል። በመሃል ያለችውም ቀን ሙሉዋ የእናንተ አይደለችም። የመውረጃ ሰልፍ አለ፣ ወደ ከተማ የሚወስድ ባቡር አለ፣ መመለሻም አለ። ኪዮቶ ደግሞ ጭራሽ ወደብ የላትም። መርከቦቹ "ኪዮቶ" ብለው ቢያስተዋውቁም የሚቆሙት ኮቤ ወይም ኦሳካ ነው።

እኔና ታላቅ እህቴ ከሜሪላንድ ሄደን ዮኮሃማ ላይ ተሳፈርን። ኮቤ፣ ሂሮሺማ፣ የኮሪያዋ ቡሳን፣ ናጋሳኪ እያልን ዞረን እዚያው ዮኮሃማ ተመለስን። እህቴ ጾም የማትገድፍ፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ሰው ናት። የቼሪ አበባ የሚፈካው ደግሞ በእኛ መጋቢት ነው፤ ሁዳዴም በዚያው። ስለዚህ አስጎብኚ ስንፈልግ ጥያቄያችን ከሌላው ቱሪስት ለየት ይል ነበር። የሚጾም ሰው ምን ይበላል? ኦርቶዶክስ የሆነ ሰው መቅደሶቹ ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል፣ ምንስ አያደርግም?

መርከቡ ራሱ ጉብኝት ይሸጣል። ጥቅሙ አንድ ነው፣ ግን ቀላል አይደለም፤ የእነሱ አውቶቡስ መንገድ ላይ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። በራሳችሁ ወጥታችሁ ብትዘገዩ ግን ጠባቂ የላችሁም። እስከሚቀጥለው ወደብ በራሳችሁ ኪስ መከተል ነው። በሌላ በኩል የመርከቡ ጉብኝት በነፍስ ወከፍ ይከፈላል፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ባንዲራ ተከትሎ ይነዳል፣ ምሳውም የተቆረጠ ነው። የግል አስጎብኚ የሚከፈለው በቡድን ነው። አራት አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ሂሳቡ ወደ እናንተ ያደላል። እኛ ሁለት ብቻ ስለነበርን ብዙም አልረከሰልንም፤ የጾሙ ነገር ግን ወሰነልን።

ጃፓን ውስጥ መንግሥት ፈትኖ ፈቃድ የሚሰጣቸው አስተርጓሚ አስጎብኚዎች አሉ። ከ2018 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሕጉ ላላ ስላለ ፈቃድ የሌለውም በክፍያ ማስጎብኘት ይችላል። ስለዚህ "ፈቃድ አለሽ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በየከተማው ደግሞ በነፃ የሚያስጎበኙ በጎ ፈቃደኞች አሉ። የእነሱን የትራንስፖርት፣ የመግቢያና የምሳ ወጪ መሸፈን የእናንተ ድርሻ ነው። "በራሴ መኪና ልውሰዳችሁ" የሚል ካጋጠማችሁ ታርጋውን እዩ። ሰው ጭኖ ገንዘብ መቀበል የሚፈቀድለት መኪና ታርጋው አረንጓዴ ነው። ነጭ ታርጋ የግል ስለሆነ ልዩ ፈቃድ ከሌለው በክፍያ ማጓጓዝ አይችልም።

ዮኮሃማ ቀደም ብለን ስለገባን ካማኩራን በባቡር ሄደን አየናት። ያስጎበኘን በጎ ፈቃደኛ ተማሪ ነበር። ታላቁ ቡድሃ የሚባለው ሐውልት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከነሐስ የተሠራ ነው፤ ከነመቀመጫው ከ13 ሜትር በላይ ይረዝማል። ድሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር አሉ። አዳራሹ ፈርሶ ይኸው ለብዙ መቶ ዓመታት ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ተቀምጧል። 50 የን ከፍለን ሆዱ ውስጥ ገባን። ነሐሱን ደረጃ በደረጃ እያፈሰሱ የቀጠሉበት መጋጠሚያ ከውስጥ በደንብ ይታያል። ከዚያ ሃሴዴራ ወደሚባለው ቤተ መቅደስ ወጣን። እዚያ ካኖን የምትባለው፣ የቡድሂስቶች የምሕረት ተምሳሌት፣ ከ9 ሜትር በላይ በሆነ የእንጨት ሐውልት ቆማለች። ስሟን ያዙልኝ፣ ናጋሳኪ ላይ እንመለስባታለን።

ለኪዮቶዋ አስጎብኚ በኢሜይል የላክንላት የመቅደሶች ዝርዝር የዋዛ አልነበረም። ወርቃማው ኪንካኩጂ፣ ኪዮሚዙዴራ፣ ፉሺሚ ኢናሪ፣ ቴንሪዩጂ፣ ሌላም ሌላም። መልሷ እጅግ ጨዋ ነው። ምርጫችንን አመስግና ከሥሩ የመንገዱን ሰዓት ደረደረችልን። ከኮቤ ሳንኖሚያ ጣቢያ እስከ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር 50 ደቂቃ ያህል፤ ከወደቡ እስከ ሳንኖሚያ ሌላ። ኪንካኩጂ አጠገቡ ባቡር ስለሌለ በአውቶቡስ ነው የሚኬደው። በአበባው ወቅት የኪዮቶ አውቶቡስ ደግሞ ጢም ብሎ ነው የሚመጣው። መጨረሻ ላይ ሁለት ብቻ አስቀረችልን፤ ፉሺሚ ኢናሪና ቴንሪዩጂ። ሁለቱም ከባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ለእኔ የአስጎብኚ ገንዘብ ዋጋውን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። ታሪኩን ስልክ ላይ ማንበብ ይቻላል። የትኛው ቢቀር እንደማይቆጭ የሚያውቀው ግን የአገሬው ሰው ነው።

ፉሺሚ ኢናሪ የሺንቶ፣ የጃፓኖች ነባር እምነት፣ መቅደስ ነው። የተመሠረተው በ711 ነው ይባላል፤ ኪዮቶ ዋና ከተማ ከመሆኗ በፊት ማለት ነው። ተራራውን የሚያለብሱትን ቀያይ በሮች፣ ቶሪዎቹን፣ በፎቶ ያላየ የለም። በፎቶ የማይታየው ሌላ ነው። አስጎብኚያችን ትንሽ ካስወጣችን በኋላ "አሁን ዞር በሉ" አለችን። ስንወጣ ባዶ ቀይ የነበሩት ምሰሶዎች በጀርባቸው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ጽሕፈት ናቸው። በአንዱ እግር የሰጪው ስም፣ በሌላው ያቆመበት ቀን። ኢናሪ ድሮ የሩዝ፣ ኋላ ደግሞ የንግድ አምላክ ስለሆነ ከሰጪዎቹ ብዙዎቹ ኩባንያዎችና ሱቆች ናቸው። እግራቸው ከመሬት በላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። አንዳንዱ ጋ ጎንበስ ስትሉ እንጨቱ በእርጥበት በስብሶ እንደ ቡና አተላ ይፈረፈራል። ሲበሰብስ ያነሱታል፣ ቦታውም ለሌላ ሰጪ ይሆናል። በየጥጉ የቆሙት የድንጋይ ቀበሮዎች የኢናሪ መልእክተኞች ናቸው። አንዱ አፉ ላይ ቁልፍ ነክሷል፤ የሩዝ ጎተራው ቁልፍ ነው።

መግቢያው ላይ የውኃ ገንዳ አለ። በጭልፋው መጀመሪያ ግራ እጅ ይታጠባል፣ ቀጥሎ ቀኝ፣ ከዚያ በግራ መዳፍ ውኃ ተይዞ አፍ ይጉመጠመጣሉ። ጭልፋውን በአፍ መንካት ክልክል ነው። እህቴ ጠጋ አለችኝ።

"አንተ፣ ጠበል ነው እንዴ?"

ጠየቅንላት። ፈውስ አይጠበቅበትም፣ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚነጻበት ነው አለችን። እህቴ "እጅ መታጠብማ ምን ክፋት አለው" ብላ ታጠበች፣ መጉመጥመጡን ግን ተወችው። ክርስቲያኖች መሆናችንንና እንደማንሰግድ ቀድመን ነግረናት ነበር፤ ምንም ቅር አላላትም። የአገሬው ሥርዓት ሁለት ጊዜ እጅ መንሳት፣ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ፣ አንድ ጊዜ እጅ መንሳት ነው። ይህ ለሺንቶ ነው። በቡድሂስት ቤተ መቅደስ አይጨበጨብም፣ ዝም ብሎ እጅ መግጠም ነው። ለማያመልክ እንግዳ የሚጠበቀው ሌላ ነው፤ በሩ ላይ ባርኔጣ ማውለቅ፣ የመንገዱን መሃል ለአምላኩ ትቶ በጠርዝ መሄድ፣ የሚጸልይ ሰው ፊት ካሜራ ይዞ አለመደንቀር። የሃይማኖታችሁን ነገር ኢሜይል ላይ ቀድማችሁ ጻፉ። ቦታው ላይ ደርሶ ከመግደርደር ይሻላል።

ቀጥላ የነገረችን ነገር እህቴን አስቆማት። በሺንቶ መቅደስ ጥልቁ ክፍል ውስጥ አምላኩ ያድርበታል የሚባል ነገር አለ። ብዙ ጊዜ መስታወት ወይም ሰይፍ ነው። ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ ሕዝብ አያየውም። በበዓል ቀን አምላኩ ሚኮሺ በምትባል፣ በትከሻ በምትያዝ ያጌጠች ትንሽ ቤት ሆኖ ይወጣል፣ ሕዝቡ እየጨፈረ መንደሩን ያዞረዋል። "እንደ ታቦት?" አለች እህቴ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጥምቀት ማስረዳት የእኛ ተራ ሆነ፤ አስጎብኚያችን ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። አንድ ነው አልልም፣ እህቴም ብትሰማኝ ትቆጣኛለች። ጥያቄዎቿ ግን ከዚያ በኋላ አላባራ አሉ።

ምሳችን ቴንሪዩጂ ነበር። በ1339 የተመሠረተ፣ ዜን የሚባለው የቡድሂዝም ክፍል ቤተ መቅደስ ነው። ሕንጻዎቹ ደጋግመው ተቃጥለዋል፤ ኩሬውና አትክልቱ ግን የ14ኛውን ክፍለ ዘመን መልኩን ይዟል። ግቢው ውስጥ የመነኮሳት ምግብ የሚቀርብበት ቤት አለ። ሾጂን ሪዮሪ ይሉታል። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። እህቴ በጉዞው ምክንያት ሰዓቱን አላልታው ነበር፣ ምግቡን ግን አላላላችም። ጃፓን ውስጥ ጾመኛን የሚያስቸግረው ሥጋ እንዳይመስላችሁ። መረቁ ነው። ሾርባውም፣ ኑድሉም፣ የተቀቀለው አትክልት ሳይቀር ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ ዳሺ ይሠራል። ለዓይን ንጹሕ ጾም ነው፣ ውስጡ ዓሣ። መነኮሳቱ መረቁን የሚያወጡት ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ነው።

ወለል ላይ ተቀመጥን። ቀይ ቀለም በተቀባ ትሪ ላይ ትንንሽ ሳህኖች መጡ። እህቴ የወደደችው ከሰሊጥ የሚሠራውን ቶፉ ነው፤ ለስለስ፣ ወፈር ያለ፣ ሽታው የጾም ፍትፍት የሚያስታውስ። ሩዙን ጨርሳ አስጨመረች። በሌላው ቀን ደግሞ አስጎብኚያችን በጃፓንኛ የጻፈችልን ካርድ አገለገለን፦ "ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅ አልበላም።" ጾመኛ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ከማንኛውም ሐውልት በፊት ይህችን ካርድ አስጽፉ።

ከሂሮሺማ አጠገብ ባለችው ደሴት፣ ሚያጂማ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ፎቶውን ሁሉም ያውቀዋል። ባሕሩ ውስጥ የቆመው ትልቁ ቶሪ በ1875 የተሠራ ነው። መሬት ውስጥ አልተቀበረም፣ በራሱ ክብደት ነው የቆመው። ዋናው ነገር የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት አስቀድሞ ማየት ነው። ሲሞላ ቶሪው የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ ሲጎድል እሥሩ ድረስ በእግር ይኬዳል። አስጎብኚው ሰዓቱን አይቶ ሲጎድል አደረሰን። አጋዘኖቹን ተጠንቀቁ፤ ወረቀት ይበላሉ። አንዷ የእህቴን ካርታ ከእጇ ላይ ነጥቃ አላመጠችው።

ቡሳን ለምን እንደሚገባበት የሚጠይቅ ብዙ ነው። የውጭ አገር ባንዲራ የያዘ መርከብ ከጃፓን ተነስቶ ጃፓን የሚመለስ ከሆነ መሃል ላይ ሌላ አገር መንካት አለበት፤ ሕጉ ነው። ለእናንተ ትርጉሙ ከቡሳን ቀጥሎ ባለው የጃፓን ወደብ እንደገና ኢሚግሬሽን መኖሩ ነው። የናጋሳኪውን አስጎብኚ ለዚህ ብለን ረፈድ አድርገን ቀጠርነው።

ናጋሳኪ መጀመሪያ ሳኖ መቅደስ ሄድን። በፈረንጅ ኦገስት 9፣ 1945 የወደቀው አቶሚክ ቦምብ የድንጋይ ቶሪውን ግማሽ ወስዶታል። ግማሹ በአንድ እግሩ እንደቆመ አለ፣ የወደቀው ቁራጭ እዚያው ቅርብ ተቀምጧል። ተቃጥለው የነበሩት ሁለት የካምፎር ዛፎች አቆጥቁጠው ዛሬ ግቢውን ያለብሱታል።

ከዚያ ወደ ኦውራ ካቴድራል። መቅደስ ልናይ ሄደን ቤተ ክርስቲያን ምን አመጣው ትሉ ይሆናል፣ እዚህ አገር ግን ሁለቱ ተያይዘዋል። ክርስትና በ1614 በመላ አገሪቱ ታገደ፣ እገዳው የተነሳው በ1873 ነው። በ1865 የኡራካሚ መንደር ሰዎች አዲስ ወደተሠራው ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን መጥተው ለፈረንሳዊው ቄስ እምነታችን አንድ ነው ብለው በሹክሹክታ ነገሩት። ያን ሁሉ ዘመን ያለ ካህን፣ ተደብቀው ኖረዋል። ማርያምን በካኖን አምሳል ያስቀምጡ ነበር፤ ካማኩራ ያየናት ካኖን እዚህ ሌላ ሥራ ነበራት። ራሳቸውን ከገለጡ በኋላም መከራው አላበቃም፤ ከ3,000 በላይ የኡራካሚ ሰዎች ከቀዬአቸው ተግዘዋል።

"ማን አጠመቃቸው?" አለች እህቴ። አስጎብኚው ለማጥመቅ የተመደበ ምእመን እንደነበራቸው ነገራት። ሌላው ደግሞ የበዓልና የጾሙን ቀን የሚቆጥር፣ የዘመን መቁጠሪያውን የሚይዝ። ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣላቸው ሰው ነበራቸው ማለት ነው። ያሰብነው ሦስተኛ ቦታ እዚህ ቀረ። እህቴ አልንቀሳቀስ አለች፣ አስጎብኚውም አልቸኮለም።

የቀረው የተግባር ነገር ነው። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ብዙ መግቢያዎች ላይ ካርድ አይሠራም። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ ባይሆንም የእንጨቱ ወለል ስለሚበርድ ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል። ጉርሻ መስጠት አልተለመደም፤ ብትሰጡ ያፍራሉ። እኛ የይርጋጨፌ ቡና ወስደን ሰጠን። ጃፓኖች የኢትዮጵያን ቡና "ሞካ" እያሉ ድሮም ያውቁታል፣ የሂሮሺማው አስጎብኚ ፓኬቱን ገና ሳይከፍት አሸተተው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከመርከቡ ትኬት በፊት የቪዛውን ነገር ጨርሱ።

አስጎብኚ ስትይዙ የመሰረዣውን ውል በጽሑፍ ጠይቁ። ነፋስ ሲበረታ መርከብ ወደብ ዘልሎ ያልፋል፣ ያን ጊዜ የአስጎብኚውን ቀን ማን ይከፍላል? የኪዮቶዋ መርከቡ ካልቆመ ምንም አልቀበልም ብላ ጽፋልን ነበር። ሌላው ግማሹን እንደሚያስቀር ነገረን፣ ተስማማን። የመርከባችሁን ስም፣ የሚቆምበትን ወደብና የመጨረሻውን መሳፈሪያ ሰዓትም ላኩላቸው። የሁሉም ልምድ ከዚያ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወደብ ማድረስ ነው፣ ማንም እንዲያሳጥረው አትለምኑ።