ምን ብዬ ልጥራው

የጁጁትሱ ልምምዳችን ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው መብራት ሄደ። ሁለቱ ቬንትሌተሮች ቀስ እያሉ ቆሙ። ድሬ ያደገ ሰው ቬንትሌተር ሲቆም የሚመጣውን ዝምታ ያውቀዋል፤ ሙቀቱ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ዘው ብሎ ይገባል። ልጆቹን በስልክ መብራት ሸኘኋቸው። ማቶቹን፣ የምንታገልባቸውን ምንጣፎች፣ መጥረግ ነበረብኝ፣ አልጠረግኩም። ከከዚራ ዛፎች በኩል ትንሽ ነፋስ ቢመጣ ብዬ በሩን ከፍቼ ማቱ መሀል ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ሆዴን ባር ባር ይለኝ ነበር። ምክንያቱን ግን ወዲያው አላገኘሁትም።

ዛሬ ያስተማርኩት ሰው ደረታችን ላይ ሲቀመጥብን እንዴት እንደምንወጣ ነው። አዲስ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ላይ ያለውን ይገፋል። እጅ ሲዘረጋ ክርን ከጎድን ይርቃል፣ ላይ ያለው ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ የተዘረጋውን እጅ አቅፎ ይዞርና አርምባር የሚባለው፣ ክርንን ቀጥ አድርጎ የሚቆልፈው አያያዝ ይገባበታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክርንን ከጎድን ማጣበቅ ነው። ከዚያ አንድ እጁን ደረትህ ላይ ታስረዋለህ፣ በዚያው በኩል ያለውን እግሩን በእግርህ ታግደዋለህ፣ ተረከዝህን ወደ መቀመጫህ አስጠግተህ ዳሌህን ታነሳለህ፤ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ሳይሆን በታሰረው ትከሻ በኩል አሻግረህ። በአንድ ጎን እጁም እግሩም የተያዘበት ሰው የሚደገፍበት ነገር የለውም፣ እግሩ እንደወለቀ ወንበር ወደዚያው ይጋደማል። ከመጣች ስድስት ወር ያልሞላት ቀጭኗ ልጅ ዛሬ ከሷ በሃያ ኪሎ የሚበልጠውን ገልብጣ ስትነሳ ያየሁት ፊቷ ለሳምንት ይበቃኛል።

ለነገሮች ስም ማውጣት እወዳለሁ። እኔ የተማርኩት ጁጁትሱ በየትምህርት ቤቱ በሚሰጥበት አቡ ዳቢ ነው፤ እዚያ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛና በፖርቱጋልኛ ነበር። እዚህ ግን ደረት ላይ መቀመጡን «መፈናጠጥ» አልነው፣ ፈረስ ላይ እንደሚባለው። ከጀርባ ሆኖ ሁለት እግርን አስገብቶ መያዙን ልጆቹ ራሳቸው «መታዘል» አሉት፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራው የለም። በጎን ተኝቶ ዳሌን ወደ ኋላ እየሳቡ ቦታ መክፈትን ፈረንጆቹ ሽሪምፕ ይሉታል፤ ከልጆቼ መካከል ሽሪምፕ አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ «ዳሌ ማሸሽ» ሆነ። በጀርባ ሆኖ ላይ ያለውን በእግር መያዙ፣ ጋርድ፣ ግን ጋርድ ሆኖ ቀረ። እኔንም ማስተር ይሉኛል። ከቴኳንዶ ቤቶች የመጣ ልማድ ነው፤ በእኛ ስፖርት ሰማያዊ ቀበቶ የታጠቀ ሰው እንዲህ አይባልም ብላቸውም አልተዉም። ድሬ አዛውንቱንም አንተ የሚል ከተማ ነውና «ማስተር፣ አንተ እኮ…» እያሉ ሲያዋሩኝ ደስ ይለኛል።

ስም ያጣሁለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ታፕ።

ሲያምህ፣ ወይም መውጫ እንደሌለህ ስታውቅ፣ የያዘህን ሰው ወይም ማቱን በመዳፍህ ደጋግመህ ትመታለህ። የያዘህ በዚያችው ቅጽበት ይለቅሃል። ስፖርቱ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በሙሉ ኃይል በቡጢ እየተመታቱ በየቀኑ መለማመድ አይቻልም፤ እኛ በሙሉ ኃይል ታግለን በማግስቱ ተመልሰን የምንገናኘው ታፕ ስላለ ብቻ ነው። አዲስ ልጅ ሲመጣ ገና ምንም ሳላሳየው ሃያ ጊዜ ማቱን አስመታዋለሁ፤ መዳፉ ሳያስብ እንዲያውቀው።

ከልጆቹ ትንሹ ዛሬ አርምባር ውስጥ ገባ። የያዘው ልጅ ያስተማርኩትን በሙሉ አድርጎታል፤ ጉልበቶቹን አጣብቋል፣ የትንሹን አውራ ጣት ወደ ሰማይ አዙሯል፣ ዳሌውን ቀስ እያለ ያነሳል። ክርኑ ቀጥ ብሎ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ መገጣጠሚያው አያውቀውም፣ ያለው ጅማት ብቻ ነው፤ ጅማት ደግሞ ከአጥንት ይልቅ ለመዳን ይዘገያል። ፊቱ ጠቆረ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ነፃ እጁ ደረቱ ላይ እንደተጨበጠ ቀረ። «ልቀቀው!» ብዬ ጮህኩ። ለቀቀው። ለምን ታፕ እንዳላደረገ ስጠይቀው «ማስተር፣ እጅ አልሰጥም» አለኝ። ሌሎቹ ዝም አሉ፤ ዓይናቸው ላይ ግን አድናቆት አየሁ። መብራቱ የሄደው ይሄኔ ነው።

ከየት እንደተማረው ግልጽ ነው፣ እኔም የተማርኩት ከዚያው ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጡ፤ ይህንን ሳይሰማ ያደገ ልጅ አላውቅም። በዚህ ታሪክ ያደጉ ልጆችን ሰብስቤ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምራችሁ እጅ መስጠትን ነው ብል ማን ይሰማኛል? የጀርባም ነገር እንዲሁ ነበር። በእኛ ትግል ጀርባው መሬት የነካ አለቀለት። እዚህ ደግሞ ጋርድ የሚጀመረው ጀርባን መሬት አስነክቶ ነው፤ ከታች ሆኖ ላይ ያለውን ገልብጦ 3 ሰከንድ ያጸና 2 ነጥብ ያገኛል፣ ከታች ሆኖ ማነቅም እጅ መቆለፍም ይቻላል። መጀመሪያ ሰሞን ማንም በፈቃዱ አይቀመጥልኝም ነበር። አንድ ወር ፈጀብኝ። በኋላ ግን ሲሠራ አዩትና ተቀበሉት። ታፕ ሲሠራ አይታይም። ያልተሰበረ እጅ ምኑ ይታያል?

«በቃኝ» ብንለውስ አልኩ ጣሪያውን እያየሁ። ቀላል ቃል ነው፣ ውርደት የለበትም፣ ሕፃንም ያውቀዋል። ወዲያው አክስቴ ትዝ አለችኝ። እሷ ገበታ ላይ በቃኝ ብሎ የተተወ ሰው የለም። በቃኝ ስትል «በሞቴ»፣ ደግመህ በቃኝ ስትል «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ»፤ ጉርሻው አፍህ ደጃፍ ላይ ነው። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን በቃኝን ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተባለ ይሉኝታ ነው ብለን ነው የምንሰማው። ታፕ አንዴ ተብሎ የሚያልቅ መሆን አለበት። ማነቅ ላይ በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሁለቱ ቧንቧዎች በደንብ ከተጨመቁ ሰው 10 ሰከንድ ሳይሞላ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ሁለተኛ በቃኝ የሚባልበት ጊዜ የለም። ያንን ቃል ወደ ማቱ ባመጣው «ይቺን ብቻ»ም አብራው ትመጣ ይሆን ብዬ ፈራሁ። «ልቀቀኝ» ደግሞ ልመና ነው። ታፕ እንዳለ ይቅር እንዳልል፣ ታፕ ለእነሱ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከ«እጅ አልሰጥም» ጋር ሲጋጠም ክብደት የለውም።

ዘወትር የምነግራቸው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ማራካና ስታዲየም፣ ጃፓናዊው የጁዶ ሰው ማሳሂኮ ኪሙራ ከኤልዮ ግሬሲ ጋር ገጠመ። ኤልዮ የብራዚሉን ጁጁትሱ ከወንድሙ ከካርሎስ ጋር ያሳደገ፣ በአካል ትንሽ የሆነ ሰው ነው። ኪሙራ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ቆለፈበት። እጁ ተሰበረ፤ ኤልዮ ግን ታፕ አላደረገም። ካርሎስ ፎጣ ወርውሮ አስቆመው። ያ ቁልፍ በጁጁትሱ ዛሬም ኪሙራ ይባላል፤ የተሸነፈው ወገን በአሸናፊው ስም ጠራው። እኔ ይህን የማወራው ለዚህች ለመጨረሻዋ ነገር ነው፣ ለመከባበሩ። ትንሹ የያዘው ግን «ታፕ አላደረገም» የምትለዋን ነው። ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ ፎጣውን አንድም ቀን አልሰማውም። እኔም አስረግጬ አልነገርኩትም። ኤልዮ እኮ የሚያስቆምለት ወንድም ከዳር ቆሞለት ነበር።

ከዳር የቆመ ሰው ስል ነው ደቻቱ፣ የድሬው ወንዝ፣ የመጣብኝ።

የአሥር ወይ የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ነበርን። ያኔ ደቻቱ ለእኛ ደረቅ አሸዋ ብቻ ነበር፤ በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ይወስዳል ብሎ ያሰበ ልጅ አልነበረም፣ የምናውቀው ለመውደቅ ለስላሳ መሆኑን ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ከምረን እንታገል ነበር። ጓደኛዬን ጣልኩት። ጀርባው አሸዋ ነካ፤ በሕጋችን እዚያ ላይ አልቋል። እኔ ግን እጁን ይዤ ጠመዘዝኩት። ስም እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ራሱ ኪሙራው ነው፣ ክርኑ ታጥፎ፣ ክንዱ ወደ ጀርባው ዞሮ። «ተሸነፍኩ በል!» እለዋለሁ። አይልም። ልጆቹ ከበው ይጮኻሉ፣ አንድም ተው የሚል የለም። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ማታ ወጌሻ ሲያሸው ጩኸቱ እኛ ግቢ ድረስ ተሰማ።

እጁ ዳነ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። አሁን ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አቦ፣ ግባ እንጂ!» ብሎ ያደርሰኛል፣ ሒሳብም አይቀበለኝም። እኔ ያ እጁ መሪው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ላለማየት ወደ ውጭ አያለሁ። ያንን ቀን ሰፈሩ በሙሉ የሚያወራው «እምቢ አለ፣ ወንድ ነው» ብሎ ነው። እሱም እንዲሁ ያወራዋል። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት እንዲሁ ሳወራው ኖርኩ፤ እሱ አልልም ስላለ የተሰበረ እጅ አድርጌ።

ዛሬ ጨለማው ውስጥ ግን ረስቼው የነበረ ነገር መጣብኝ። አሸዋ። እጁን ይዤ ሳለሁ ፊቴ ላይ አሸዋ ይረጭ ነበር። ዓይኔ ውስጥ ስለገባ ጨፍኜ ነው የጠመዘዝኩት፣ ያንን በደንብ አስታውሳለሁ። ማን ነበር የሚረጨው? ሌሎቹ ቆመው ነበር፣ ከእኛ ራቅ ብለው። እሱ አንድ ነፃ እጅ ነበረው።

ቬንትሌተሮቹ መቼ እንደተነሱ አላስተዋልኩም። በመዳፌ ማቱን መታሁት፣ ደጋግሜ፣ ለአዲስ ልጆች እንደማሳየው። ሕመም የጠናበት ልጅም መሬት ይመታል፣ ይህንን አውቃለሁ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ባጃጁ ውስጥ እንገናኛለን። ያኔ አሸዋውን ስትመታ አሞህ ነበር ወይስ ልቀቀኝ እያልከኝ ነበር ብዬ ልጠይቀው?