ከታምፓ ወደ የት?

ጥቅምት 3፣ 2017፣ እሑድ። መብራት ትናንት ማታ ተመለሰልን። እማዬ ተኝታለች። እኔ ግን ያለፈውን ሰኞ ሳልጽፈው እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እንደዚያ ቀን ውሳኔ የከበደኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ነገሩ የጀመረው በደመራ ዕለት ነው። መስከረም 16 ሌሊት ሄለን የተባለችው ሀሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳ ብርቱ አውሎ ነፋስ፣ በሰሜን ፍሎሪዳ በኩል ወደ ምድር ገባች። ከእኛ ርቃ ነበር ያለፈችው፤ ያም ሆኖ የታምፓን ባሕረ ሰላጤ ውሃ እየገፋች ወደ ሰፈሮች አስገባችው። የምንኖረው ፍሎሪዳ፣ ታምፓ አጠገብ ታውን ኤንድ ካንትሪ በሚባል ሰፈር ነው፣ ለባሕሩ ቅርብ። ውሃው ከእኛ ቤት ሦስት በር ሲቀረው ቆመ። በማግስቱ ጎረቤቶቻችን የራሰ ፍራሽ፣ ሶፋና ፍሪጅ እያወጡ መንገድ ዳር ከመሩት። እማዬ ይህን አይታ ደብረ ብርሃን እህቷ ጋ ደወለች። ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀችው "ደመራው ወደ የት ወደቀ?" ብላ ነበር።

ክምሩ ሳይነሳ ሚልተን የተባለ ሌላ ማዕበል መጣ። እሑድ ሀሪኬን ሆነ ተባለ፤ ሰኞ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ፣ ደረጃ 5 ገባ፣ ነፋሱም በሰዓት 180 ማይል ደረሰ። ካውንቲው ውሃ ቀድሞ የሚያሰጋቸው ዞን ኤ እና ዞን ቢ እንዲለቀቁ አዘዘ። እኛ ዞን ቢ ነን። ከንቲባዋ ጄን ካስተር በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ከእነዚህ ቦታዎች አልወጣም የሚል ሰው ይሞታል ብለው በግልጽ ተናገሩ። ስለዚህ መውጣቱ አላከራከረንም። ያከራከረን ወደ የት የሚለው ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከአትላንታ ደወለ። "ምን ትጠብቂያለሽ? እማዬን ይዘሽ አሁኑኑ ውጪ፣ አልጋው ተነጥፏል" አለኝ። እማዬ ከጎኔ ሆና ስትሰማ ቆየችና ስንቅ ልታዘጋጅ ተነሳች። በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ መድኃኒቷን፣ የጸሎት መጽሐፏን። ለእሷ ነገሩ ያለቀ ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ ሰው ወደ ልጁ ይሄዳል፣ ሌላ ምን አለ?

እኔም ልቤ አትላንታ ነበር። ግን አትላንታ ከታምፓ 450 ማይል ያህል ነው። በደህናው ቀን ሰባት ሰዓት የሚወስደው መንገድ ያን ዕለት ስንት እንደሚወስድ ማን ያውቃል? በስልኬ ካርታ ላይ ሀይዌይ 75 ወደ ሰሜን ደም መስሏል። ያየኋቸው ሁለት ማደያዎች ቤንዚን ጨርሰዋል፤ መኪናዬ ያለው ግማሽ ታንክ ነው። እማዬ 71 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊኗ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ሁለት ሰዓት ከተቀመጠች እግሯ ያብጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሪታ የተባለችው ሀሪኬን ስትመጣ ከቴክሳስ፣ ከሂዩስተን አካባቢ የወጣውን ሕዝብ አሰብኩ። ያን ጊዜ በመንገድ ላይ በሙቀትና በአደጋ ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ሞቷል፤ 23ቱ ከመጦሪያ ቤት በአውቶቡስ ሲወሰዱ እሳት የበላቸው አረጋውያን ናቸው። አውሎ ነፋሱን ሳያዩ መንገድ ላይ ቀሩ። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም።

ደቡብስ? የማኅበራችን አንዲት እናት ይህን ቃል ስሰነዝር ገና ቆጣ አሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. ኢያን የተባለው ሀሪኬን ወደ ታምፓ ይመጣል ሲባል ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ፎርት ማየርስ አካባቢ፣ ዘመድ ቤት ሸሹ። ኢያን አቅጣጫውን ቀይሮ እዚያው መጣባቸው። ሌሊቱን ፎቅ ላይ ሆነው ምድር ቤቱ በውሃ ሲሞላ ሲያዩ አደሩ። በቴሌቪዥን ካርታ ላይ የምናየው ነጭ ሾጣጣ የማዕበሉ መሃል በየት ሊያልፍ እንደሚችል ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ከሦስት አንዱን ጊዜ ያህል ደግሞ መሃሉ ከዚያም ይወጣል። በየሦስት ሰዓቱ አዲስ ካርታ ሲወጣ ስልኬን አነሳለሁ። እማዬም የደመራውን አወዳደቅ ስትጠይቅ ልቧ እንዲህ ሆኖ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

የታምፓን ባሕረ ሰላጤ የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ጭንቀት ላይረዳው ይችላል። ባሕሩ ጥልቀት የለውም፣ በአማካይ አራት ሜትር እንኳ አይሞላም። ሀሪኬኑ ከከተማዋ በስተሰሜን ከገባ ነፋሱ ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ መሄጃ ሲያጣ ሰፈሩ ላይ ይወጣል። በስተደቡብ ከገባ ግን ነፋሱ በተቃራኒው ውሃውን ወደ ውጭ ይስበዋል። ጥቂት ማይል ፈቀቅ ማለቱ ብቻ ቤታችን መኖር አለመኖሩን ይወስናል። ትልቅ ሀሪኬን ታምፓን ፊት ለፊት ከመታት ከ1921 እ.ኤ.አ. ወዲህ 103 ዓመት ሆኗታል። ያን ያየ ሰው በሕይወት የለም ማለት ይቻላል፤ ብዙዎች "እዚህ አይመጣም" የሚሉትም ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ የቆዩ ሰዎች አንድ አባባል አላቸው፦ ከውሃ ሽሽ፣ ከነፋስ ተጠለል። ደጋግሜ ሳሰላስለው መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር። እኛን የሚያሳድደን ውሃው ነው። ከውሃ ለማምለጥ ደግሞ ሌላ ስቴት መግባት አያስፈልግም፣ ከፍ ያለ ቦታና ጠንካራ ቤት ይበቃል። ሌክላንድ 35 ማይል ወደ ምሥራቅ ናት፣ ከባሕር ወለል ወደ 60 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚያ አንዲት እትዬ የምላቸው ሴት የብሎኬት ቤት አላቸው። ደወልኩ። "ኑ እንጂ ልጄ፣ ይህም ይጠየቃል?" አሉኝ።

ለወንድሜ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ "እናቴን ማዕበሉ መሃል ልታስቀምጫት ነው?" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ያ ቃል እስከ አሁን ደረቴ ውስጥ አለ። እማዬም ፊቷን አዙራ መኪና ገባች። ማክሰኞ ንጋት ላይ በሀይዌይ 92 ወጣን፣ ኢንሱሊኑ በኩለር ውስጥ በበረዶ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። እማዬ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ መሪውን ጨብጬ፣ ከተሳሳትኩ በእናቴ ሕይወት ነው የተሳሳትኩት እያልኩ ነዳሁ።

ረቡዕ ማታ መብራት ጠፋ። ነፋሱ የሰው ድምፅ ያለው ይመስል ነበር። እማዬና እትዬ መስኮት በሌለው ኮሪደር ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ፣ እኔ በትንሿ ሬዲዮ ሚልተን ሲየስታ ኪ ላይ መግባቱን ሰማሁ። ከታምፓ በስተደቡብ! ውሃው ወደ ውጭ ይሳባል ማለት ነው። እማዬን አቅፌ አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች።

ቤታችን ደህና ቆየን። ሁሉም ግን እንደ እኛ አልሆነለትም። እዚያው ሌክላንድ ውስጥ ሌክ ቦኒ ሞልቶ ቤቶች ተጥለቅልቀዋል። በምሥራቁ ጠረፍ፣ ማንም የውሃው ስጋት ራቀን በሚልበት በሴንት ሉሲ ካውንቲ፣ ሀሪኬኑ ገና ሳይደርስ በመጣ ቶርናዶ ስድስት ሰዎች ሞተዋል። አትላንታም ቢሆን በሄለን ጊዜ ጎርፍ ውስጥ ነበረች። የት ነበር ደህና ቦታ? እኔ የመረጥኩት ደህና ቦታ አልነበረም። እማዬን ከውሃው የሚያርቅ፣ በግማሽ ታንክና በሁለት ሰዓት የሚደረስበት ቦታ ነው የመረጥኩት።

ዓርብ ስንመለስ ሳይወጣ የቀረው ጎረቤታችን "አንድ ጠብታ ውሃ አልገባም፣ በከንቱ ደከማችሁ" አለን። መልስ አልሰጠሁትም። ማዕበሉ ትንሽ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ማን ያወራኝ ነበር?

ወንድሜ ትናንት ደወለና "ይቅር በይኝ፣ ፈርቼ ነው" አለኝ። እኔም ፈርቼ ነበር አልኩት።

የስንቅ ቦርሳው ግን እንደታሸገ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ልፈታው ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። የሀሪኬን ወቅት ኖቬምበር 30 ያበቃል ብያት ነበር፣ ቆጥራ ደረሰችበት። "ኅዳር ጽዮን ነዋ! እስከዚያው ይቀመጥ" አለችኝ።