አንኮበር ላይ ስለ እቴጌ ጣይቱ

ዛሬ ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ወደ አንኮበር ወርደን ነበር። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ወዳለበት ኮረብታ እያለከለክን ስንወጣ፣ አብሮን የነበረ አንድ ወጣት «የባለሥልጣን ሚስት ሥራዋ መብላትና መልበስ ነው» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ከጥንቱ ግቢ የቀረው ረዘም ያለ የድንጋይና የኖራ ግንብ ነው፤ መጋጠሚያውን በጣቴ ነካ ሳደርገው ኖራው እንደ ዱቄት ረገፈ።

ጣይቱ ብጡል ምኒልክን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. እዚሁ አንኮበር ነው። የወጣቱ ቀልድ ግን ለእሳቸው አይሠራም። የቤተ መንግሥት ግብር ሲባል ድግስ ብቻ ይመስለናል፤ ነገር ግን ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው የሥጋ ብልት ለማን እንደሚቀርብ፣ ጠጁም ለማን አስቀድሞ እንደሚቀዳ የሚወስን ሰው የመኳንንቱን ፍቅርና ኩርፊያ በእጁ ይዟል፤ ይህም በአብዛኛው ከጓዳ የሚመራ ሥራ ነበር። እቴጌይቱ በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ የያዙትን የጸና አቋምና በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር አስከትለው ወደ ዓድዋ መዝመታቸውን ሁሉም ያውቃል (ወጣቱም ያውቃል፤ ከሚስትነት ጋር ግን አላያያዘውም)።

እኔን ይበልጥ የከነከነኝ መጨረሻቸው ነው። ምኒልክ በጽኑ ታመው ሳለ፣ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አውጥተው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አስገደዷቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ወደ እንጦጦ ተሸኝተው በ1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ዘመዶቻቸውን መሾም አብዝተዋል የሚለው ክስ መሠረት የለውም አልልም፤ ሆኖም በዚያ ግቢ ዘመዱን ያልሾመ መኮንን ካለ እስቲ ይጠቆመኝ።