የብሩክሊን ድልድይና አስቸጋሪው ውሃ

በመጨረሻ ሦስቱም በአንድ ፎቶ ገቡ፦ የኒው ዮርኩ የብሩክሊን ድልድይ ግንብ ድንጋዩ እየተለየ፣ የማንሃታን ሕንጻዎች መስኮታቸው ሳይነጣ፣ ከታች ደግሞ የመብራቱ ነጸብራቅ ሳይሰባበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ትንሽ የለመደ ሰው ያገኛቸዋል። ነጸብራቁ ግን ለብዙ ጊዜ አልገራ ብሎ ቆይቷል፤ አሁን መንገዱ ስለተገኘ በዝርዝር ላካፍላችሁ።

ስለ መነሻው ብዙ አልልም። በራው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሱ፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት፣ 100 ላይ ተዉት፣ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ፣ ኤፍ 8 ላይ አድርጉት። ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ሌንስ ለዚህ ቦታ ይበቃል። ገንዘብ ከተረፈ ለሌላ ሌንስ ሳይሆን ለከበድ ያለ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ይዋል፤ ከወደቡ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቀላሉን ያርገበግበዋል። የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ አትሳቡት። ቦርሳ የምትሰቅሉበት ከሆነ ደግሞ ታቹ መሬት ይንካ፤ ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ እሱ ራሱ ካሜራውን ያንቀጠቅጠዋል። ስታቢላይዜሽን (የእጅ መንቀጥቀጥ ማካካሻውን) አጥፉ፣ ሻተሩን በ2 ሰከንድ ታይመር ልቀቁት።

ድልድዩ እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1883 ሲከፈት በዓለም ረጅሙ ተንጠልጣይ ድልድይ ነበር። በሁለቱ ግንቦች መካከል 486 ሜትር አለ፤ ግንቦቹ ከውሃው በላይ 84 ሜትር ይቆማሉ። እነዚህ ቁጥሮች የሌንስ ምርጫን ይወስናሉ። ከብሩክሊኑ ግንብ ሥር ቆሞ በ16 ሚሊ ሜትር ሁሉንም ላስገባ የሚል ሰው፣ ቅርቡ ግንብ ፎቶውን ሞልቶት፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር የራቀው የማንሃታኑ ግንብ ክብሪት አክሎ ይወጣበታል። ራቅ ብሎ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ መጠቀም ሁለቱን ያመጣጥናቸዋል።

ለውሃ ፎቶ የሚሆኑት ቦታዎች በብሩክሊን ዳርቻ ያሉት ሁለቱ ናቸው። አንዱ ዳምቦ በተባለው የብሩክሊን ሰፈር ያለው ጠጠራማው ዳርቻ፣ ፔብል ቢች ነው፤ ከድልድዩ በስተሰሜን ስለሆነ ድልድዩ ከሕንጻዎቹ ፊት አግድም ያልፋል። ሌላው ከድልድዩ በስተደቡብ ፒየር 1 አጠገብ፣ የድሮው ወደብ የእንጨት ምሰሶዎች ውሃ ውስጥ ተሰልፈው የቀሩበት ነው። ሰኔ ላይ ከፔብል ቢች ሲታይ ጀምበር የምትጠልቀው ከታችኛው ማንሃታን ሕንጻዎች ኋላ ነው፤ ሰማዩ ብርቱካናማ ሆኖ ይቆያል። ታኅሣሥ ላይ ግን ርቃ ወደ ግራ፣ ወደ ወደቡ አፍ ስለምትሄድ ከሕንጻዎቹ ኋላ ያለው ሰማይ ወጥ ሰማያዊ ይሆናል። ለነጸብራቅ የታኅሣሡ ይሻላል፤ ብርዱን የሚችል ካለ።

አሁን ወደ ውሃው። ኢስት ሪቨር ወንዝ አይደለም። የኒው ዮርክን ወደብ ከሎንግ አይላንድ ሳውንድ ጋር የሚያገናኝ የባሕር ሰርጥ ነው፤ ውሃው ጨዋማ ነው፣ የሚፈስበትንም አቅጣጫ በቀን አራት ጊዜ ያህል ይቀይራል። ወደ ሰሜን ይነጉዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ደቡብ ይመለሳል። በሚነጉድበት ሰዓት ፊቱ በሽክርክሪትና በጅረት መስመር ስለሚሞላ የመብራቱ ነጸብራቅ በየቦታው ይበታተናል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ብርሃን የሚቀንሰውን ጥቁር መስታወት፣ ኤንዲ ፊልተር፣ አውጥቶ ደቂቃ ሙሉ ያነሳል። ይህን አካሄድ አልደግፈውም። ረጅም ኤክስፖዠር፣ ማለትም ሻተሩን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ማንሳት፣ ሻካራውን ውሃ ያለሰልሰዋል እንጂ ነጸብራቁን አይመልሰውም፤ የሚወጣው ወተት የመሰለ ግራጫ ሜዳ ነው። ጠርዝ ያለው፣ እያንዳንዱን አምፖል የሚቆጥር ነጸብራቅ የሚገኘው ውሃው በእውነት ሲቆም ብቻ ነው።

ታዲያ ውሃው የሚቆመው መቼ ነው? እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰሌዳ ከፍቶ ውሃው ከፍተኛው ወይም ዝቅተኛው ከፍታ ላይ የሚደርስበትን ሰዓት ያያል፣ ያኔ ይቆማል ብሎ ይሄዳል፣ ሲደርስ ውሃው ሽምጥ እየጋለበ ያገኘዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሰርጡን ውሃ የሚነዳው በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው፤ የባሕሩ ሙላት ደግሞ ሳውንድ ጋር የሚደርሰው ወደቡ ጋር ከደረሰ ከሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ ድልድዩ አካባቢ ውሃው ከፍ ብሎ ሳለ ፍሰቱ ገና በኃይል ላይ ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት የከፍታው ሰሌዳ ሳይሆን የፍሰቱ ሰሌዳ ነው። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት፣ ኖኣ፣ ለብሩክሊን ድልድይ አካባቢ የፍሰት ትንበያ ለብቻው ያወጣል፤ በነጻ ይታያል። እዚያ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆንበትን፣ ስላክ የተባለውን መስመር ፈልጉ። ዝናብና ነፋስ ሰዓቱን ስለሚያዛንፉት ከተጻፈው 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ካሜራው ተስተካክሎ ይጠብቅ።

ቀጥሎ ስሌቱ። ውሃው በስድስት ሰዓት ልዩነት ገደማ ይቆማል፣ የሚቆምበትም ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ለምሳሌ ሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የሚቆም ከሆነና ብሉ አወር የምንለው፣ ጀምበር ጠልቃ ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆንበት ጊዜ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ፣ ሰኞ መሄድ ልፋት ነው። ማክሰኞ 1 ሰዓት ከ50 ይሆናል፣ ረቡዕ 2 ሰዓት ከ40። ቀኑ ረቡዕ ነው ማለት ነው። ካመለጠ ቀጣዩ ከሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ትክክለኛውን ደቂቃ ግን ሁልጊዜ ከሰሌዳው አረጋግጡ።

ቀኑ ከገጠመ በኋላም ሁለት ጠላት ይቀራል። አንደኛው ነፋስ ነው። ከምዕራብ የሚመጣው በቀጥታ የብሩክሊንን ዳርቻ ስለሚመታ ፎቶው አይሆንም፤ ከምሥራቅ ሲነፍስ ግን የዳምቦ ሕንጻዎች ይከልሉታል፣ ዳር ዳሩ ጸጥ ይላል። ሁለተኛው የመንገደኛ ጀልባ ነው። ጀልባው ካለፈ በኋላ ሞገዱ ዳር ይደርሳል፣ የድንጋዩን ግንብ መትቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሞገድ ሲያልፍ ቸኩላችሁ አትጫኑ፣ የሚመለሰውም ይለፍ። በሰዓት ከመቁጠር የአምፖሎቹን ነጸብራቅ ማየት ይሻላል፤ የተጠማዘዘው መስመር ቀጥ ሲል ያኔ ልቀቁ።

ኤክስፖዠሩን በተመለከተ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ማንሳት የለመደ ሰው እዚህ ጊዜው ይረዝምለታል። እዚያ ጀምበር ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ይጨልማል፤ ኒው ዮርክ ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ከጠለቀች 15 ደቂቃ ሲሆን በኤፍ 8 አንድ ሰከንድ አካባቢ ይበቃል፣ 25 ደቂቃ ሲሆን 8 ሰከንድ ይፈልጋል። ምርጡ ከ20 እስከ 28 ደቂቃ ያለው ነው፤ ሰማዩና በኬብሎቹ ላይ የተደረደሩት መብራቶች የሚመጣጠኑት ያኔ ነው። ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ብርሃን ከጨለማ ወደ ደማቅ የሚያሳየውን ግራፍ) በየሁለት ደቂቃው እዩ፣ መስኮቶቹ ወደ ቀኝ ጫፍ እንዳይጠጉ። ፎከሱን ገና ብርሃን ሳለ በላይቭ ቪው (በካሜራው የኋላ ስክሪን) አጉልታችሁ በግንቡ ጠርዝ ላይ ያዙና ወደ ማኑዋል አዙሩት። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) 4000 ኬልቪን አካባቢ አድርጉ፤ አውቶ ላይ ከተተወ ሰማዩን ያግራጨዋል።

የከፍታው ሰሌዳ ጭራሽ አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም፤ ለምሰሶዎቹ ያስፈልጋል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ውሃው ሲጎድል አረንጓዴው አልጌ ሁሉ ይወጣና ዓይን ይሰርቃል፣ ሲሞላ ጫፋቸው ብቻ ይቀራል። መካከለኛው ይመረጣል። ፔብል ቢች ላይ ደግሞ እርጥቡ ድንጋይ በጣም ያንሸራትታል፣ በተለይ ጀርባችሁን ለውሃው ስትሰጡ ተጠንቀቁ። የትራይፖዱ እግር ጨው ስለነካው ቤት ስትገቡ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ካልታጠበ መገጣጠሚያው ይነክሳል።

ድልድዩ ላይ ወጥቶ ማንሳት ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ብስክሌቶቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ታችኛው መንገድ ስለወረዱ የእንጨቱ መተላለፊያ አሁን የእግረኛ ብቻ ነው። ሆኖም ሳንቃው በእያንዳንዱ እርምጃ ይነዝራል፤ እዚያ ላይ ትራይፖድ ዋጋ የለውም። ሻተሩን 1/250 አድርጋችሁ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ፣ ሾጣጣ ቅስቶቹንና ኬብሎቹን መሃል ለመሃል ሆናችሁ አንሱ፣ ከጎህ ጋር ከሄዳችሁ ሰው አይበዛም። ከላይ ሆኖ የብሩክሊንን ድልድይ ሙሉውን ለማየት የሚሻለው የማንሃታን ድልድይ የእግረኛ መንገድ ነው፤ በደቡብ በኩል ስላለ ፊት ለፊት ያሳያል። የሽቦ አጥሩን ለማጥፋት ሌንሱን ከሽቦው ጋር አስጠግታችሁ አፐርቸሩን ክፈቱ። የስልክ ካሜራ በቀዳዳው በቀላሉ ይገባል። ባቡር ሲያልፍ ድልድዩ በሙሉ ስለሚንቀጠቀጥ እስኪያልፍ ቆዩ።

ስለ ኤችዲአርም፣ ማለትም በተለያየ ብርሃን የተነሱ ፎቶዎችን ስለማዋሃድ፣ አንድ ነገር፤ ለዚህ ድልድይ አትጠቀሙበት። ውሃውና ጀልባው በየፍሬሙ ስለሚንቀሳቀሱ ሶፍትዌሩ ሲያዋህዳቸው ነጸብራቁ ድርብ ይሆናል። በትክክለኛው ሰዓት የተነሳ አንድ ራው ፋይል ይበቃል፦ ጥላውን አንድ ስቶፕ (የብርሃን እጥፍ) ያህል ከፍ ማድረግ፣ ደማቁን ትንሽ መቀነስ፣ የግንቡን ድንጋይ ብቻ በማስክ ለይቶ ማድመቅ። ድሮን ለማስነሳት የምታስቡ ካላችሁ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ከከተማው ፈቃድ ሳይወጣ ክልክል ነው።